በሬ በማይጠመድበት ቀን

አባቴ መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ የቆረጠው እኔ ባመጣሁለት ወረቀት ምክንያት ነው። በወረቀቱ ግን አንድም ቀን አልተጠቀመበትም።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ አስተምራለሁ፤ ወላጆቼ ደግሞ ጠዋት በእግር የተነሣ ሰው ለምሳ በሚደርስበት ገጠር ገብስና ስንዴ ያርሳሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ከየት እንደ ገለበጡት እንጃ፣ በፎቶ ኮፒ የተባዛ የዓመት ንባብ ሠንጠረዥ ያድሉ ነበር። ለእያንዳንዱ ቀን ጠዋት ሁለት ምዕራፍ ከብሉይ፣ ማታ አንድ ምዕራፍ ከሐዲስ ይላል። ዕድሜዬን ዓመታዊ እቅድ፣ ሳምንታዊ እቅድ፣ የዕለት እቅድ ስጽፍ የኖርሁ መምህርት ነኝና እንዲህ ያለ ነገር ነፍሴ ነው። ሁለት ቅጂ ወሰድሁ፤ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለአባቴ።

አባቴ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። ዳዊት ከደገመ በኋላ አባቱ ሲሞቱበት ትምህርቱን ትቶ ወደ ሞፈሩ ተመለሰ እንጂ ንባብ እንኳ አያቅተውም። ሰማንያ አሐዱውን መጽሐፍ ቅዱስ በገዛበት ዓመት የሠፈሩ ሰው እንደ አዲስ በሬ መጥቶ አይቶለታል። ወረቀቱን ስሰጠው ፊት ለፊቱን አየው፣ ጀርባውን አየው፣ እንደገና ፊቱን አየው።

"ይህን ያወጣው ሰው በሬ የለውም" አለ።

"ከበሬ ጋር ምን አገናኘው?"

"ኅዳር ላይ በቀን ሦስት ምዕራፍ ይለኛል። ኅዳር ላይ ገብሱ እየረገፈ ማን ቁጭ ብሎ ያነባል? የካቲትም ላይ ሦስት። የካቲት ላይ ሥራ ፈትቼ ሰው ቤት ስዞር ሦስት ምዕራፍ ምን ትሆነኛለች? ደግሞ ሄኖክ የት ሄደ? ኩፋሌስ?"

ተናደድሁ። ያን ሁሉ ዳገት ወረቀቱ እንዳይጨማደድ በጉያዬ ይዤ ነው የመጣሁት።

"እንግዲያው የራስዎን ያውጡ!" አልሁት።

"አወጣለሁ" አለ። አወጣም።

በእኛ አገር በበዓል በሬ አይጠመድም። ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ ባለ እግዚአብሔር፤ በዚህ ላይ ቅዳሜና እሑድ። የግብርና ባለሙያዎች በየስብሰባው "በዓል አበዛችሁ" እያሉ ይወቅሱናል፤ እኔም ቀለም ከቀመስሁ ወዲህ እንደነሱ ማሰብ ጀምሬ ነበር። አባቴ ግን ያን ሁሉ ቀን ለንባብ አዋለው። በዓል ጠንከር ሲል ድርሻውን አስረዘመ፣ አጥር ለማጠር የሚፈቀድበት ቀለል ያለ በዓል ሲሆን አሳጠረ። ዘፀአትን የሚጀምረው በሚካኤል ነው፤ እስራኤልን በምድረ በዳ የመራ እሱ ነውና። ሩትን ለአጨዳ ሰሞን አስቀመጣት። ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ከወንጌላቱ ሉቃስ ይቀድማል። ዳዊት ከእቅዱ አልገባም፤ እሱማ በየዕለቱ የሚደገም ነው፣ "እህል ውኃ በእቅድ አይበላም" አለ። ይህ ሁሉ የተያዘው በጭንቅላቱ ነበር። እኔ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ገጽ ሙሉ የምጽፈው ሴት አፌን ከፍቼ ሰማሁት፤ ንዴቴም ሳላውቀው በረደ።

መስከረም አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀምጦ ዘፍጥረትን ገለጠ። ገጽ የሚገልጠው አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ነበር።

"እንግዲህ ይህን ሳልጨርስ አልሞትም" አለ እየሳቀ። "ሞት ቢመጣም ደጅ ቆየኝ እለዋለሁ።"

"ተዉ አንቱ፣ በሞት አይቀለድም" አለች እናቴ።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ስሟን ትጽፋለች፣ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን ትለያለች፤ ከዚያ አላለፈችም። በበዓል እንዝርት ስለማይሾር፣ ወፍጮም ስለማይነካ፣ እጇን አጣጥፋ ከአባቴ ግርጌ ትቀመጥና ትሰማለች። መስማት ካልሁት፤ ትሟገታለች ብል ይሻላል። አብርሃም ሚስቱን እኅቴ ናት ያለ ዕለት "ወይ ባል!" ብላ ለአባቴ ጀርባዋን ሰጠችው። ያዕቆብ ለራሔል ብሎ ሲያገለግል ኖሮ ልያን የሰጡት ጊዜ ሁሉም ለያዕቆብ ሲያዝን እሷ ግን "ልያንስ ማን ጠየቃት?" አለች። አባቴ ጣቱን ገጹ ላይ እንደ ሰካ "ዝም በይ፣ ገና ነው" ይላታል፤ እሷ ግን ዝም አትልም። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየሄድሁ ነበር የምሰማቸው፤ አንዳንዴ ለንባቡ ሳይሆን ለክርክሩ እሄድ ነበር። የእኔ ሠንጠረዥ እንደሆነ ጥቅምት ላይ ዘሌዋውያን ውስጥ ተቀብሯል።

ኅዳር ላይ ጉድ ወጣ። አባቴ ለየበዓሉ አንድ ድርሻ፣ ለየሰንበቱም አንድ ድርሻ ሰጥቶ ነው ዓመቱን ያከፋፈለው። በዓል ከሰንበት ጋር እንደሚገጥም ግን ዘንግቶታል። አንዱ ወር ላይ ማርያም እሑድ ትውላለች፣ ሌላው ላይ ጊዮርጊስ ቅዳሜ ይውላል፤ ድርሻው ሁለት፣ ቀኑ አንድ። ከእቅዱ ወደኋላ የቀረው ሳያነብ ውሎ ሳይሆን፣ በዓላቱ ተደራርበው ስለበሉት ነበር። እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ "ባሕረ ሐሳብ ያልዘለቀ ሰው እቅድ ሲያወጣ እንዲህ ነው" አለ። አንድ ሙሉ ዘመን በዓል ሲያከብር የኖረ ሰው እንዲህ መሳሳቱ አሳቀኝና፣

"ይዝለሉት እንግዲህ" አልሁት።

እናቴ ቀድማው መለሰች። "ሁለት እንግዳ በአንድ ቀን ቢመጣ አንዱን ጦሙን ታሳድሪዋለሽ?"

ከዚያ ወዲያ በዓል ከሰንበት ሲገጥም ሁለቱም ድርሻ ይነበባል። አባቴ ድምፁ እስኪሰልል፣ ጥላው ከመደቡ ወርዶ ግቢውን እስኪያቋርጥ ያነባል።

ጥር ላይ፣ ውቂያው ሳያልቅ፣ አባቴ አውድማው ላይ ወደቀ።

ጎረቤት መጋኛ ነው አለ። በቃሬዛ አርብ ገበያ አደረሱት፤ ከዚያ በመኪና ደብረ ታቦር ወሰድነው። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለን። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ ምላሱ ተያዘ። ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል፣ በግማሽ አፉ ይስቃል፤ ቃል ግን አይወጣውም፣ ፊደልም ዓይኑ ላይ ይደባለቅበታል። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ሁለተኛ ከመጣበት እንደማይተርፍ ነገረኝ። ለእናቴ አልነገርኋትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ወደ ቤት መለስነው። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠን፤ አባቴ ፀሐይ በምትገባበት መደብ ላይ ተኛ።

ከተመለስን በኋላ በዋለው የመጀመሪያው በዓል ዓይኑን ግድግዳው ላይ ካለው ማኅደር አልነቅል አለ። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ከኩላቡ ላይ ተንጠልጥሏል። እናቴ አየችው፣ ማኅደሩን አየችው። ከዚያ ተነሥታ አወረደችውና ነጠላዋን አስተካክላ ከራስጌው ተቀመጠች።

"የት ደርሰን ነበር?" አለችው፤ በግራ እጁ ገለጠላት።

የደረሰበት ዜና መዋዕል ነው። ያን መጽሐፍ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መጀመሪያው ስም ብቻ ነው፤ እከሌ እከሌን ወለደ፣ እከሌም እከሌን ወለደ። ያውም እኔ የተማርሁት የምሰናከልበት ስም። እናቴ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ አንዱን ስም ሦስት ቦታ ቆራርሳ እየጠራች፣ ላብ እስኪያጠምቃት አነበበች። ስትስት አባቴ በግራ እጁ መደቡን መታ ያደርጋል፤ ትመለሳለች፤ እንደገና መታ፤ እንደገና ትመለሳለች። ግማሽ ገጽ ሳይሞላ ቀኑ መሸ።

እኔ ችኩል ነኝ፤ ሐኪሙ የነገረኝም ይበልጥ አስቸኮለኝ። ጓሮ ጠርቻት "እማ፣ ይህን ስም ሁሉ ትተሽ ወንጌሉን አንብቢለት። ስሙ ምን ይጠቅመዋል?" አልኋት።

"አባትሽ ድንጋይ ያለበትን መሬት ዘሎ ሲያርስ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"መሬት አይደለም እኮ፤ የሞተ ሰው ስም ነው።"

"የሞተ ሰው ስም ስለሆነ ነዋ! በፍትሐት የወገንሽ ስም ሲጠራ ይዘለል ትያለሽ?" አለችኝ። እንጨት ይዤ ገባሁ።

ብዙ ሰው አድንቄ አውቃለሁ፤ በዚያ ዓመት እናቴን ያደነቅሁትን ያህል ግን ማንንም አላደነቅሁም። በበዓል ብቻ ማንበብ እንደማያደርሳት ገባትና የሥራውንም ቀን ጨመረችበት። ማልዳ ከብቱን አስወጥታ፣ በሽተኛውን አጥባ፣ አብልታ፣ ትቀመጣለች። ጎረቤቶቿ "ደብተራይቱ" እያሉ አሾፉባት፤ እሷም "የደብተራ ክታብ ካሻችሁ ዋጋዬ ውድ ነው" እያለች መለሰችላቸው። እኔ ላጽናናት ብዬ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኋት።

"እኔ የቸኮልሁት ለዕንቁላሉ አይደለም" አለችኝ። ያኔ ሐኪሙ የነገረኝን ሳልነግራት እንደምታውቀው ገባኝ።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጡ። እሷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ስታነብ ነበርና አላየቻቸውም። ኢዮብ ላይ ደርሳለች። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ደጁ ላይ ቆሙ፤ እኔ ልነሣ ስል በእጃቸው ተይ አሉኝ። ቃላቱ ከጥር ጀምሮ ለስልሰው ነበር፤ አባቴም መደቡን የሚመታው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። ምዕራፉን ስትጨርስ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ ደንግጣ መጽሐፉን ልትሸፍን ስትል፣

"ይቀጥሉ እንጂ፣ እኔም የመጣሁት ልሰማ ነው" አሉና ከአባቴ እግር አጠገብ ተቀመጡ። አባቴ ያን ዕለት በግማሽ አፉ የሳቀው ሳቅ ኩራት ነበረበት። ሚስቴን አያችሁልኝ የሚል ሰው ሳቅ ነው።

ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት ገባ፣ ትምህርት ተዘግቶ እኔም ጠቅልዬ ቤት ከረምሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እናቴ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ነቢያትን ጨረሰች። ወንጌላቱን፣ ከሉቃስ ጀምራ፣ ጨረሰች። ፍልሰታ ሲፈታ ከእቅዱ ጋር እኩል ደርሳ ነበር። እንዲያውም የቀደመች መሰለኝ፤ ተነሥቼ ብጨፍር ደስ ባለኝ።

ከዚያ ግን ንባቡ ዘገየ። ትናንት ያነበበችውን መልእክት ዛሬ ደግማ ታነበዋለች። አንድ ምዕራፍ ጀምራ "ወጡ አረረ" ትልና ትነሣለች፤ ምጣዱም ድስቱም እሳት ላይ አልተጣደም። ደከማት ብዬ "እስቲ አምጪ፣ ዛሬ እኔ ላንብብለት" ብዬ እጄን ስዘረጋ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"ተይ!"

እንዲያ ተቆጥታኝ አታውቅም። ተነሥታ ስትወጣ ተከተልኋት። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ከበረቱ አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች።

"ምን ሆነሻል፣ እማ? ጥቂት ነው እኮ የቀረሽ።"

"ሳልጨርስ አልሞትም ብሎ የለ?" አለችኝ። "እንግዲህ አልጨርስም።"

ቀልድ ነበር፣ ሰው በዓውደ ዓመት የሚናገረው ነገር ነው፣ ሕመም በንባብ አይቆምም፤ ይህን ሁሉ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያቺ አንድ ስም እንኳ ዘልላ የማታውቅ ሴት፣ ለመድረስ ያን ያህል የሮጠች ሴት፣ እሱን ለማቆየት ብላ መንገዱ መካከል ቁጭ ማለቷን ሳይ ተውሁት። አቅፌያት አብሬያት አለቀስሁ። በማግሥቱ ያንኑ መልእክት ደግማ ስታነበው እኔም እንዳልሰማሁ ሆንሁ።

አባቴ ግን ሰምቷል። መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው የተደገመ ምዕራፍ አያመልጠውም። ለጥቂት ቀናት አስተዋላት። ጳጉሜን ሲገባ፣ ልታነብ ስትቀመጥ ግራ እጁን ዘርግቶ መጽሐፉን ወደ ሆዱ ጎተተው። አውራ ጣቱን ምላሱ ላይ አስነክቶ፣ ባልለመደ እጁ፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ገጽ አብሮ እየተጣበቀበት እየመለሰ፣ ገለጠ። የቀሩትን መልእክቶች አለፋቸውና ራእይ ላይ ቆመ። ከዚያ መጽሐፉን ወደ እሷ መለሰው።

"ኧረ አንቱ፣ ምን አስቸኮለዎ?" አለች። "ገና ነው እኮ። የዘለሉትስ?"

መደቡን መታ አደረገ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ደግሞ መታ። እኔ እዚያ መኖሬንም የረሱት ይመስለኛል። በመጨረሻ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ማንበብ ጀመረች። የዘለላቸውንም ቢሆን አልተወቻቸውም፤ ራእይን እያነበበች በመሐል በመሐል እነሱን አስገባቻቸው። ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜንን አንድ ቀን ስለሚጨምርባት፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበበችው በዚያች በተጨመረችው ቀን ነው። "አሜን" ብላ ስትጨርስ ዓይኗን ከገጹ አላነሣችም። እሱን ለማየት ፈርታ ነበር።

አባቴ እያያት ነበር።

በማግሥቱ ዕንቁጣጣሽ ነው። እናቴ ሳትተኛ አድራ ጎሕ ሲቀድ ትንፋሹን ልታዳምጥ ጎንበስ ብትል ዓይኑን ገልጦ ጠበቃት። "አልሞቱም!" አለች፣ እንደ መቆጣት ብላ። እሱም ያን ጠማማ ሳቁን ሳቀ፤ ግራ እጁን ወደ ኩላቡ ዘረጋ። ስታወርድለት መጽሐፉን አገላብጦ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ከፈተው፣ ዘፍጥረት ላይ። እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች፤ ከጥር ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየሁም። ለምን እንደዘገየች ከመጀመሪያው አውቆባት ኖሯል። ንባቡ ማለቂያ እንዳይኖረው ከፈለገች መድኃኒቱ መጎተት ሳይሆን እንደገና መጀመር መሆኑን በአንድ እጁ ነገራት። ደግሞስ፣ እሱ ባይኖርም እንድትቀጥል ይመስለኛል።

አባቴ በዚያው ዓመት በጥቅምት፣ በሥራ ቀን፣ እህል በሚታጨድበት ሰዓት ሞተ። ሐኪሙ የፈራው ነው የመጣበት። ከሸለቆው ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው።

ሰልስቱ እንደተቆጠረ፣ ለቀስተኛው ገና ግቢውን ሞልቶት ሳለ፣ እናቴ ማኅደሩን አወረደች። የሰፈሩ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ "ዛሬ እንኳ ብታርፊ" አለቻት። "ዮሴፍ ራሱን ለወንድሞቹ ሊገልጥ ነው። እዚያ ላይ ነው ያቆምሁት" ብላ መለሰችና መደቡን ትታ ደጅ ወጥታ ተቀመጠች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ፣ ሳትሰናከል፣ እንደዚያ አድርጋ አንብባ በማታውቀው ድምፅ ጮኻ አነበበች። እዚያ የነበርነው ሁላችን በእጅ የምንነካት ያህል ቅርብ ነበርን። አጠገቧ ተንበረከክሁና፣

"እማ፣ ለምን ትጮኺያለሽ? ሁላችንም እንሰማሻለን እኮ" አልኋት።

ዓይኗን ከገጹ አላነሣችም። ከሸለቆው ማዶ ያለውን የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ በአገጯ አሳየችኝ።

"ለእናንተ አይደለም" አለችኝ፤ "እሱ ማዶ ነው ያለ።"